ወንድሜ እየሰማ የተለቀሰለት ቅዳሜ

ወንድሜ ደምሴ በቁሙ ድንኳን የተተከለለት ሰው ነው። ጥሩምባ ተነፍቶለታል፣ ሙሾ ወርዶለታል፣ መልካምነቱ እየተዘረዘረ ደረት ተመትቶለታል። ይህን ሳወራ የሚስቁ አሉ። እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ሳቁ እስኪመጣልኝ ድረስ ነፍሴ ወጥታ ገብታለች። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ከሥር ልጀምርላችሁ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ሰሜን ላይ ጦርነቱ የተፋፋመበት። እኔ ያኔ ሰላሳን የተሻገርኩ፣ ያላገባሁ፣ ነፋስ ስልክ ውስጥ ወላጆቻችን በተዉልን ሁለት ክፍል ቤት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነበርኩ። ብርቄ ልብስ ሰፊዋ ሲባል የማያውቀኝ አልነበረም። ከመቀሷ ምላሷ ይስላል ይሉኝ ነበር፤ ውሸት ነው ብዬ አልከራከርም።

ደምሴ ታናሼ ነው። የጦር ሠራዊት የጭነት መኪና እየነዳ ሄዶ፣ ፈንጂ አግኝቶት ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ አጥቶ ተመለሰ። ተኝቶ በከረመበት ሆስፒታል ሥቃዩን የሚያስታግሱለት ፔቲዲን በሚባል ኃይለኛ መርፌ ነበር። ማንንም አልወቅስም፤ ያለዚያ መርፌ አንድ ሌሊት አይገፋም ነበር። ቁስሉ ሲደርቅ አሰናበቱት። ሥቃዩ ግን አልደረቀም፣ ሰውነቱም መርፌውን ለምዶት ነበርና ያለሱ አላስቀምጥ አለው።

የሚያመው ደግሞ የሌለው እግሩ ነው። “እታለም፣ አውራ ጣቴን ማነው እንዲህ የሚጠመዝዘው?” ይለኛል። አውራ ጣቱ እኮ በረሃ ውስጥ ቀርቷል። ምን ብዬ ልመልስለት? እግሩ በነበረበት በኩል ያለውን አንሶላ እደባብሳለሁ፤ አንዳንዴ ይህም ይረዳዋል።

በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ይጮሃል። ልመናም ስድብም ያልሆነ፣ ከሆዱ የሚወጣ ጩኸት። ሰፈሩ እየሰለቸም እያዘነም ለመደው፣ ኋላማ እንደ ሰዓት ይገለገልበት ጀመር። የግቢ ጎረቤቴ እትዬ ማርታ “ደምሴ ጮኸ፣ በሉ ተነሱ” እያሉ ነበር ልጆቻቸውን የሚቀሰቅሱት። ከኋላ ሆኖ የሚያወራም አልጠፋም። ሥቃዩ ድሮ አልቋል፣ መርፌ ለምዶበት ነው፣ ሱሰኛ ሆኗል ይባል ነበር። ከነገሩ ውስጥ እውነት ያለበት መሆኑ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። አንድ ቀን ገበያ ሄጄ ስመለስ የከሰል ካውያዬ የለም። በየቤቱ እየዞረ መርፌ ለሚወጋ አንድ ድሬሰር ሰጥቶት መርፌ ተወግቶበታል። ከዚያ ወዲህ ስወጣ በሩን በላዩ ላይ መቆለፍ ጀመርኩ። ወንድምን መቆለፍ ምን እንደሚመስል የቆለፈ ያውቀዋል።

በዚህ መሀል ነው ዶክተር ሮማንን ያገኘናቸው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጡ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ፣ ግን አንዴ የያዙትን የማይለቁ ሴት ነበሩ። እንደ ደምሴ ያሉ ጥቂት ሰዎችን ይዘው አንድ ጥናት ጀምረዋል። መርፌውን ባንዴ ከመንጠቅ ይልቅ በሚጠጣ የሞርፊን ሽሮፕ ይተኩታል፤ ሽሮፑ ሥቃዩ ሳይነሳ በሰዓቱ ይሰጣል፤ ሕመምተኛው ሲረጋጋ መጠኑ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል። ነርስ በየቤቱ እየሄደች ትከታተላለች።

“እስካሁን የምናውቀው ሁለት ነገር ነው” አሉኝ መጀመሪያ የተገናኘን ቀን። “ወይ መርፌ መጨመር፣ ወይ ሰውየውን ሱሰኛ ብሎ ማባረር። ሁለቱም ማንንም አላዳነም። ሌላ መንገድ ይኑር አይኑር ሞክሮ ማየት ያስፈልጋል። ለሙከራው ደግሞ ገንዘብ ማግኘት አለብኝ።”

ሥቃይን የሚለኩት በጣት ነበር። ምንም ካላመመህ ጨብጥ፣ ከዚህ የባሰ የለም ካልክ አሥሩንም ዘርጋ ይላሉ። ደምሴ የመጀመሪያ ቀን አሥሩንም ዘርግቶ “ዶክተር፣ የእርስዎንም ያበድሩኝ” አላቸው። እኔ አፈርኩ፣ እሳቸው ግን ሳቁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ተግባቡ።

ሽሮፑ ሠራ። እጁ ላይ የሚዘረጉት ጣቶች እየቀነሱ መጡ፣ ምግብ ቀመሰ፣ ሬዲዮ ክፈቺልኝ አለ። የጎህ ጩኸቱ ብቻ እምቢ አለ። ስለዚህ ዶክተር ሮማን አርብ ዕለት በነርሷ በኩል የማታውን መጠን ከፍ አድርጊ፣ የቀኑን ቀንሺ ብለው አዘዙኝ። በዚያው አፍ ሌላም መልእክት ላኩብኝ፦ ነገ ጠዋት በማለዳ ነይ፣ ስለ ጥናቱ መቀጠል የምነግርሽ አለ። ነርሷ ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን ሸሸችው። ደህና ወሬ እንዳልሆነ ያኔውኑ ገባኝ።

ቅዳሜ ነቃሁ፤ ጎህ ቀዷል፣ ጩኸት የለም። ጆሮዬን አላመንኩትም። በባዶ እግሬ ሄጄ በሩን ገፋ አድርጌ አየሁት። አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ልጅ ሆነን አንድ መደብ ላይ ስንተኛ እንደሚያንኮራፋው። እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብዬ አፌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ። ደስታ ነበር፤ ከደስታው በታች ደግሞ ዛሬ ይህን ሊነጥቁን ነው የሚል ፍርሃት ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ያደረግኩትን ሁሉ ልብ በሉልኝ። እንዳይረበሽ ብዬ መስኮቱን በሳንቃው ዘጋሁት። የክራንቹ የብብት ጨርቅ ላብ ላብ ይሸት ስለነበር አጥቤ ክራንቹን ራሱን በረንዳ ላይ ለፀሐይ አቆምኩት። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፤ ለቢሮ ሰው የምለብሰው ደህና ልብስ እሱ ብቻ ነበር። ጨለማው ውስጥ በዳበሳ ነጠላዬን አንስቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩ። በሩን ድምፅ ሳላሰማ ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። ነጠላዬ ተዘቅዝቆ ነበር። ታች መዋል ያለበት ጥለት ላይ ወጥቶ አንገቴ ሥር ዞሯል። በአገራችን እንዲህ አድርጎ የሚለብስ ሰው የሞተበት ሰው ብቻ ነው። እኔ ግን አላየሁትም።

እትዬ ማርታ ከቦኖ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ በር ላይ ተገጣጠምን። ከወላይታ ሶዶ የመጡ፣ የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ በለሆሳስ የሚዘምሩ ጴንጤ ናቸው። ለደምሴ ሲጸልዩ ግድግዳችን ስስ ስለሆነ እሰማቸዋለሁ። ዓይናቸው ነጠላዬ ላይ ዐረፈ፣ ከዚያ የቀላ ዓይኔ ላይ፣ ከዚያ ከኋላዬ የተዘጋውን መስኮትና ብቻውን የቆመውን ክራንች አየ። ጀሪካኑን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

“ብቻሽን ነው የምትሄጂው?” አሉኝ።

“ማን አለኝ እትዬ? ዶክተሯ ጋ ቶሎ መድረስ አለብኝ።”

አቀፉኝ። “ጌታ ያጽናሽ” አሉኝ። እሳቸው ሁልጊዜም የሚመርቁ ሰው ስለሆኑ አሜን ብዬ እየተጣደፍኩ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄድኩ። ምን ሆነሽ ነው ብለው አልጠየቁኝም። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛን አፍ አውጥቶ ተናገሪ የሚል የለም። ይኸው ደግነታቸው ነው ነገሩን ሁሉ ያመጣው።

ዶክተር ሮማን ቢሯቸው ውስጥ ቆመው ጠበቁኝ። ስገባ ነጠላዬን አይተው ክው አሉ።

“ምን ሆነ? ደምሴ ምን ሆነ?”

“ተኝቷል፤ ዛሬ እኮ አልጮኸም ዶክተር” ስላቸው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። አለባበሴን ሳይ እኔም ደነገጥኩ፣ አስተካከልኩት፣ ሁለታችንም ሳቅን። ያን ሳቅ ሳስበው ይገርመኛል። እኛ እዚያ ስንስቅ ነፋስ ስልክ ላይ ጥሩምባ እየተነፋ ነበር።

ከሳቁ በኋላ ወሬው መጣ። ገንዘብ ይሰጣል የተባለው መሥሪያ ቤት ከዚህ የሚቀድም ጉዳይ አለ ብሎ መልሷቸዋል። ከውጭ አገር የጠበቁት እርዳታም አልመጣም። የሞርፊኑ ዱቄት ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት አይጠፋም፤ የጠፋው የነርሷ ደሞዝ፣ የመኪናው ቤንዚን፣ ሽሮፑ የሚቀመምበትና የሚታደልበት ወጪ ነው። ክትትል ከሌለ ደግሞ ሞርፊን በጠርሙስ ለየቤቱ መስጠት ክልክል ነው።

“ክልከላው ትክክል ነው” አሉ። “ሳላየው የምሰጠው ሽሮፕ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የጀመርኩትን መዝጋት አለብኝ።”

“ደምሴስ?”

ጠርሙስ አንስተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። “ይህ የመጨረሻው ነው። በፍጥነት ለመቀነስ እንሞክራለን።”

“በፍጥነት ቢቀነስ ምን ይሆናል?”

ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሥቃዩ ይመለሳል፣ ድሬሰሩ ይመጣል፣ ካውያ ባይኖር የስፌት መኪናዬ አለ። በዚሁ መንገድ አልፎ በመጨረሻ ራሱን ያጠፋ አንድ ጓደኛ ነበረው፤ ስሙን እቤታችን አናነሳም። የጠፋው ገንዘብ ለእኔ የወንድሜ ነፍስ ነበረች።

“ያልጮኸበትን ጠዋት በዓይኔ ልየው” አሉና ቁልፋቸውን አነሱ። “ገንዘቡን የከለከለኝ ኮሚቴ ፊት ተመልሼ የምናገረው አንድ ነገር ይኑረኝ።”

በአሮጌ ቮልሳቸው ሄድን። ቄራን አልፈን ጎፋ መታጠፊያ ስንደርስ ጋሽ ወልዴን አየኋቸው። ጋሽ ወልዴ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት ሰፈሩን እየዞሩ ነፍተው ያስታውቃሉ። ጥሩምባቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ጥጉን ይዘው ይሄዳሉ። መኪናው ሲደርስ እኔን አዩኝና ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

መስታወቱን ዝቅ አድርጌ “ማን ሞቶ ነው ጋሽ ወልዴ?” አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። “አይዞሽ ልጄ” አሉ፤ “አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው ግቢሽ ነው ያለው።”

ሐዘን ያሳበደኝ መስሏቸው ነው እንዲህ ያሉኝ። ለእኔ ግን ሰማዩ ተደፋብኝ። ዶክተር ሮማን ነዳጁን ረገጡት።

“ማታ ስንት ማንኪያ ሰጠሽው?”

“ያዘዙኝን።”

“በየትኛው ማንኪያ?”

“እርስዎ በሰጡኝ።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

እርግጠኛ ነበርኩ። ግን እንዲህ ሲጠየቅ እርግጠኛ ሆኖ የሚቀር ማን አለ? ማንኮራፋቱ ትዝ አለኝ። ሰው ከዚያ መድኃኒት ሲበዛበት በጥልቀት ያንኮራፋል፣ ከዚያ ትንፋሹ እየራቀ ይሄዳል ብላ ነርሷ አስጠንቅቃኝ ነበር። እኔ ግን ማንኮራፋቱን ሰምቼ በደስታ ቆልፌበት ወጣሁ። በእጄ ገድዬዋለሁ አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ዶክተር ሮማን አላጽናኑኝም፤ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አስፋልቱን ብቻ ያዩ ነበር።

ድንኳኑ ከበሬ ፊት ለፊት ተተክሏል። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ድስቱ ወጥቷል፣ ወንዶቹ ውጭ ተቀምጠዋል። እኔ ከመኪናው ስወርድ ሴቶቹ አዩኝና ባንድ ድምፅ እሪ አሉ። እነሱን ሳይ እኔም እሪ አልኩ። እኔ እሪ ስል ደግሞ እነሱ ባሰባቸው። እነሱ የሚያለቅሱት እኔ አውቃለሁ ብለው ነው፤ እኔ የማለቅሰው እነሱ አይተዋል ብዬ ነው። አንድ ሰው “አይተሃል ወይ?” ብሎ የጠየቀ የለም። አንዷ አልቃሽ “ጎህ ሲቀድ የምትጠራን፣ ዛሬ ማን ይቀስቅሰን” እያለች ታወርዳለች፤ ሲጮህ ትሰድበው የነበረችው እሷ ናት።

በሁለት ሴቶች ተይዤ መሬት ላይ ልወድቅ ስል የዶክተር ሮማን ድምፅ ከኋላ መጣ። ቀስ ያለ ድምፅ ነው ብያችኋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ድንኳኑን ሰነጠቀው።

“አስከሬኑን ማን አየ?”

ለቅሶው ቀነሰ። የእድሩ ዳኛ አቶ ተሰማ ተነሱ። ስልክ መሥሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም ካፖርት የማይለያቸው፣ ወግ የሚያከብሩ ሽማግሌ ናቸው።

“እርስዎ ማን ነዎት እመቤት?”

“ሐኪሙ ነኝ። ማን አየው?”

አቶ ተሰማ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞሩ። ጋሽ ወልዴ ገና እየደረሱ ነበር፤ ወደ እትዬ ማርታ ዞሩ። እትዬ ማርታ ወደ እኔ ዞሩ። “እሷ ናት… ነጠላዋን ዘቅዝቃ… መስኮቱ ተዘግቶ… ጩኸት የለም…” አሉ። ድምፃቸው እየሟሸሸ ሄደ።

“በሩ ተቆልፎ ነው ያገኘነው” አሉ አቶ ተሰማ። “ዘመድ ልትጠራ ሄዳለች ብለን የሐዘንተኛ ቤት አንሰብርም ብለን ነው የጠበቅነው።”

ቁልፉን ከጡቴ ሥር አወጣሁ። ዶክተር ሮማን ቀምተውኝ ሮጡ። ሰው ሁሉ ተከተለ። በሩ ተከፈተ፣ የጓዳው በር ተገፋ።

ደምሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ፊቱ በቁጣ ቀልቶ።

“ክራንቼን የት ነው ያደረግሽው?” አለኝ። “ስጮህ እኮ ነው የቆየሁት። ማን ይሰማል በዚህ ዋይታ?”

ዓመት ሙሉ ጩኸቱ ሰፈሩን ሲቀሰቅስ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ጮኾ የሚሰማው አጣ። እኔ እግሩ ሥር ተደፍቼ ያለውንም የሌለውንም እግሩን አቀፍኩ። ዶክተር ሮማን አንጓውን ይዘው ዓይኑን በባትሪ አዩት፣ ትንፋሹን አዳመጡ። ከዚያ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

“ጤነኛ እንቅልፍ ነው የተኛው” አሉኝ። “ሌላ ምንም አይደለም።”

እትዬ ማርታ በለሆሳስ መጸለይ የለመዱት ሴትዮ፣ ቀበሌው ይስማ አይስማ ሳይሉ፣ “ጌታ ሆይ ተመስገን” ብለው እልል አሉ። እልልታው ከጓዳ ወጥቶ ድንኳን ገባ። ጋሽ ወልዴ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጥሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይንሰቀሰቁ ነበር። ላልሞተ ሰው መንፋት ለአንድ ጥሩምባ ነፊ ምን ያህል ውርደት እንደሆነ ያኔ ነው ያየሁት። ደምሴ ክራንቹን ተቀብሎ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠና “ጋሼ፣ በትክክል ነው የነፉት፤ ዜማው አምሮብኛል” አላቸው። እያለቀሱ ሳቁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ቀልድ ይሆን ነበር። ደምሴ ግን ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳለት። ለለቀስተኛ የተሠራው ንፍሮ ቀረበለት፣ ዘገነ፣ ያኝክ ጀመር። አቶ ተሰማ በመገረም “ምን ዓይነት መድኃኒት ነው እንዲህ ዝም ያሰኘህ?” አሉት።

“ሽሮፕ ነው። ዶክተር የሚያጠኑት። ግን ዛሬ የመጨረሻው ጠርሙስ ነው አሉ” አለ፤ ጓዳ ውስጥ እግሩ ሥር ተደፍቼ ሳለቅስ ነግሬው ነበርና።

አቶ ተሰማ ዶክተሯን ከመሀል አስቀምጠው ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ለእኔ የነገሩኝን ሁሉ ለድንኳኑ ነገሩት። ሥቃዩን፣ ልማዱን፣ ሽሮፑን፣ ጣቱን፣ የጠፋውን ገንዘብ። ሲጨርሱ አቶ ክፍሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ክፍሌ የእድሩ አባል ብቻ ሳይሆኑ የቀበሌው ሹምም ናቸው፤ የበኩር ልጃቸው ግንባር ነው።

“ይቅርታ ይደረግልኝ። የእድር ገንዘብ ለሞተ ነው። ደግሞ ለምን? መርፌ ለለመደ ሰው ሌላ የሚለምደውን ልንገዛለት?”

ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበውን ነው የተናገሩት። ደምሴ ንፍሮውን አስቀመጠ።

“አቶ ክፍሌ ልክ ናቸው፤ ለምጄ ነበር” አለ። “የእታለምን ካውያ ሰርቄ ሸጫለሁ፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስሰርቅ አሥሩም ጣት ነበርኩ።” ዘረጋቸው። ከዚያ አንድ በአንድ እያጠፈ ሦስት አስቀረ። “ዛሬ ይኸው ነኝ። በዚህ ሰው መሆን ይቻላል። ከዚህ በላይ ሲሆን ግን እኔ እኔ አይደለሁም።”

እትዬ ማርታ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አሉ። “እኔ አንድ ነገር አልገባኝም” አሉ፣ “ሞተ ብለን ከእድሩ ሣጥን ገንዘቡን አውጥተናል። ሞቶ ቢሆን ሳንጨቃጨቅ እንሰጠው ነበር። አሁን ስላልሞተ ነው የምንነፍገው?”

አቶ ተሰማ ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። ወደ ዶክተሯ አዩ፣ ወደ ደምሴ ሦስት ጣቶች አዩ። “ዛሬ የወጣው ወደ ሣጥኑ አይመለስም” አሉ። “ለዚህ ጥናት ይሁን። ከእንግዲህም በየወሩ ከመዋጮው ጥቂት ለማስታመሚያ ይነሳ። የሚቃወም ካለ ይናገር።”

ሁሉም ወደ አቶ ክፍሌ ዞረ። በዚያ ዘመን ያለ ቀበሌ ፈቃድ ሰው ሰብስቦ ገንዘብ መወሰን እንዲህ በቀላሉ የሚያልፍ ነገር አልነበረም። እሳቸው ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ያገላብጡት ጀመር። ስለ ልጃቸው እያሰቡ ይሆን? ጠይቄያቸው አላውቅም።

“እኔ የመጣሁት ለቅሶ ነው” አሉ በመጨረሻ። “ስብሰባ አላየሁም።” ተነስተው ኮፍያቸውን አደረጉ። በደምሴ አጠገብ ሲያልፉ ግን ትከሻውን ጨበጥ አደረጉት። እኔ አይቻለሁ።

የዶክተር ሮማን ጥናት እንዲህ ነው የተረፈው። ጎፋ ያሉ እድሮች ሰሙ፣ ቀጥሎ እስከ ፉሪ ያሉት ሰሙ፤ ለቅሶ በተቀመጡበት ሁሉ ይወያዩበት ጀመር፤ ለቅሶ ፈቃድ አይጠይቅማ። ሁሉም ሰው አልዳነም፤ ከደምሴ ጋር ከጀመሩት መሀል ወደ መርፌው የተመለሰም አለ፣ ስለሱ ዶክተር ሮማን ብዙ ጊዜ አዝነዋል። ግን ሥራቸውን እስከ ጫፍ አደረሱት። ውጤቱን ለሐኪሞች ባነበቡ ጊዜ ማን ነው ገንዘቡን የሰጠው ተብለው ቢጠየቁ፣ እድር ብለው መለሱ። አዳራሹ ሳቀ አሉኝ። እሳቸው ሰዎቹ ስቀው እስኪጨርሱ ጠበቁና ንባባቸውን ቀጠሉ።

ደምሴ በጊዜ ብዛት ከሽሮፑም ተላቀቀ። ሬዲዮ መጠገን ለመደ፣ አገባ። የብርድ ሰሞን ካልሆነ የሌለው እግሩ ብዙም አያስታውሰውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አቶ ተሰማ አጥንታቸው ውስጥ የገባ ክፉ በሽታ ያዛቸው። ሽማግሌው ኩሩ ስለሆኑ ሥቃያቸውን ለማንም አይናገሩም፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ይተኛሉ። ደምሴ በክራንቹ ሄዶ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠና “ስንት ጣት ነው አባባ?” አላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥተው ዘረጉ፣ እንባቸው ወረደ። በዚያው ቀን ሽሮፑ ተላከላቸው፤ ወጪውን የከፈለው እሳቸው ራሳቸው የመሠረቱት የእድሩ የማስታመሚያ ገንዘብ ነው። የሞቱት ከቤተሰባቸው ጋር እያወሩ ነው። ጋሽ ወልዴም ጥሩምባቸውን ከማንሳታቸው በፊት ገብተው፣ አንገታቸውን ዳስሰው፣ ሁለት ሰው አስመስክረው ነው የነፉት። ይህ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የእድራችን ደንብ ነው።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ የምትወስዱት ብዙ አይደለም። ሰው ሲሞት እንዴት እንደምናምርበት እናውቃለን። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሁሉ ነገር ሳይጠራ ይመጣል። ለእኔ የመጣልኝ በስህተት ነው፤ ስህተቱ ባይኖር ወንድሜን ዛሬ በየዓመቱ እዘክረው ነበር። እናንተ ስህተት እስኪያመጣላችሁ አትጠብቁ። ጎረቤታችሁ የሚጮኸውን፣ ከሚጮኸው ይልቅ ደግሞ ጥርሱን ነክሶ የሚተኛውን፣ ገብታችሁ ጠይቁት። ሱሰኛ ነው የተባላችሁትንም ጠይቁት፤ መጀመሪያ አሞት እንደሆነ ማን ያውቃል?

ደምሴ ሚስቱን ይዞ ከእኔው ግቢ ነው የሚኖረው። እኔ አርጅቻለሁ፣ አሁንም ግን ጎህ ሲቀድ እነቃለሁ። ጸጥ ያለ ጠዋት ሲሆን ያቺ የቅዳሜዋ ድንጋጤ ትመጣብኛለች፤ ነጠላዬን፣ ጥለቱን ታች አድርጌ፣ እለብስና መስኮታቸውን አንኳኳለሁ።

“ደምሴ፣ ስንት ነው ዛሬ?”

ከውስጥ እየተነጫነጨ መስኮቱን ይከፍትና እጁን ያወጣልኛል። ጨብጦታል።